ብቸኛ ቁጥሮች እንዴት ተበትነዋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙዎቻችን ፕራይም ነምበር እያልን ስለተማርናቸው ብቸኛ ቁጥሮች ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብስቤአለሁ። መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል ከቻላችሁ ለማንበብ ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ ሎጋሪዝም ይመጣል፤ እሱም ቢሆን ከባድ አይደለም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብቸኛ ቁጥር የሚባለው የትኛው ነው?

ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፣ ከ1ና ከራሱ በስተቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር የሌለው ነው። 7ን የሚያካፍሉት 1ና 7 ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ብቸኛ ነው። 12 ግን ለ2ም፣ ለ3ም፣ ለ4ም፣ ለ6ም ይካፈላል፤ ስለዚህ አይደለም። ዝርዝሩ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29 እያለ ይቀጥላል። ከተጋማሽ ቁጥሮች ውስጥ ብቸኛ የሆነው 2 ብቻ ነው። ሌላው ተጋማሽ ሁሉ ለ2 ስለሚካፈል ወዲያው ይወድቃል።

1 ለምን ከዝርዝሩ ወጣ? ለ1ና ለራሱ ይካፈል የለም እንዴ?

ይካፈላል። ድሮ 1ን ከብቸኛ ቁጥሮች ጋር የሚቆጥሩ ሊቃውንትም ነበሩ። የወጣበት ምክንያት ግን ጥሩ ነው። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ቁጥር ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይ በአንድ መንገድ ብቻ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ይበተናል። 60 ሁልጊዜ 2×2×3×5 ነው። ቅደም ተከተላቸውን ብትቀያይሩም ሌላ ቁጥር አይገባበትም፣ ከነዚህም አንዱ አይጎድልም። 1 ብቸኛ ይባል ካልን ግን 60 ማለት 1×2×2×3×5ም፣ 1×1×2×2×3×5ም ይሆናል። «በአንድ መንገድ ብቻ» የሚለው ነገር ይፈርሳል። የቁጥር ትምህርት አብዛኛው የቆመው በዚህ ሕግ ላይ ስለሆነ 1 ቢወጣ ይሻላል።

ማለቂያ አላቸው?

የላቸውም። ይህን ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ አሳይቶ ጨርሶታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። የብቸኛ ቁጥሮችን ዝርዝር ይዣለሁ፣ ከዚህ ሌላ የለም የሚል ሰው መጣ እንበል። ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ሁሉ አባዙና 1 ጨምሩበት። የተገኘው ቁጥር ከዝርዝሩ ውስጥ ለየትኛውም ቢካፈል 1 ይቀራል። ግን ቁጥር እስከሆነ ድረስ የሆነ ብቸኛ አካፋይ ሊኖረው የግድ ነው። ያ አካፋይ ዝርዝሩ ላይ የለም። ስለዚህ ዝርዝሩ ጎዶሎ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር ራሱ ብቸኛ ነው ማለት አይደለም። 2×3×5×7×11×13 ላይ 1 ስትጨምሩ 30031 ይመጣል። ይህ ደግሞ 59×509 ነው። ማረጋገጫው የሚለው አዲስ ብቸኛ ቁጥር ውስጡ ይገኛል ነው፤ 59ና 509 ሁለቱም ዝርዝሩ ላይ አልነበሩም።

በእጄ እንዴት ልፈልጋቸው?

ከሁሉ የሚሻለው የኤራቶስቴነስ ወንፊት ነው። ኤራቶስቴነስ በእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ የምድርን ዙሪያ በመለካትም ይታወቃል። ከ2 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ጻፉ። 2ን ተዉትና ብዜቶቹን ሁሉ ሰርዙ፦ 4፣ 6፣ 8 እያላችሁ። ቀጥሎ ያልተሰረዘው 3 ነው፤ እሱን ተዉና ብዜቶቹን ሰርዙ። ከዚያ 5ን፣ ከዚያ 7ን። አበቃ። የቀሩት 25 ቁጥሮች በሙሉ ብቸኛ ናቸው።

በ7 የምታቆሙት ለምን መሰላችሁ? ከ100 የማይበልጥ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ከ10 ሊበልጥ አይችልም። ሁለቱም ከ10 ቢበልጡ ብዜታቸው ከ100 ያልፋል። ስለዚህ እስከ 10 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚያታልለው 91 ነው፤ ብቸኛ ይመስላል፣ ግን 7×13 ነው።

ወደ ላይ ስንሄድ እየሳሱ ይሄዳሉ?

አዎ፣ ይሳሳሉ። የሚያስደንቀው ግን መሳሳታቸው ሳይሆን በምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚሳሱ ነው። ቆጠራው ይኸው፦

እስከ 100፦ 25
እስከ 1,000፦ 168
እስከ 10,000፦ 1,229
እስከ 100,000፦ 9,592
እስከ 1,000,000፦ 78,498
እስከ 1,000,000,000፦ 50,847,534

መጀመሪያ ላይ ከአራት ቁጥር አንዱ ብቸኛ ነበር። እስከ ቢሊዮን ስንቆጥር ከሃያ አንዱ ገደማ ሆነ። ለምን እንደሚሳሱ መገመት አይከብድም። ቁጥሩ ትልቅ በሆነ መጠን ሊያካፍሉት የሚችሉ ትንንሽ ቁጥሮች ይበዛሉ፤ ሳይካፈል የመትረፍ ዕድሉ ያንሳል።

ሥርዓቱን ያየው ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ ነው። ጊዜው 1792 ወይም 1793 ነበር፣ ልጁም ገና 15 ወይም 16 ዓመቱ ነበር። ሥራ በፈታ ቁጥር የብቸኛ ቁጥሮች ሠንጠረዥ አውጥቶ በየሺው ውስጥ ስንት እንዳሉ ይቆጥራል። ከብዙ ቆጠራ በኋላ አንድ ቁጥር አካባቢ ብቸኛ የማግኘት ዕድል በዚያ ቁጥር ናቹራል ሎጋሪዝም ልክ እንደሚቀንስ ተረዳ። ለማንም አላሳተመውም። ነገሩን የምናውቀው በ1849 ለሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐን ኤንከ ከጻፈው ደብዳቤ ነው።

ሎጋሪዝም የሚለው ቃል ካስፈራችሁ በዚህ መንገድ ያዙት። ከ1 ቀጥሎ ያሉትን ዜሮዎች ቁጠሩና በ2.3 አባዙ። 1 ሚሊዮን ስድስት ዜሮ አለው፤ 6 በ2.3 ሲባዛ 14 ገደማ ነው። ስለዚህ 1 ሚሊዮን አካባቢ በአማካይ ከ14 ቁጥሮች አንዱ ብቸኛ ነው። 1 ቢሊዮን አካባቢ ከ21 አንዱ። መቶ ዜሮ ያለው ቁጥር ጋ ብትደርሱ ከ230 አንዱ። ሕጉ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ሕግ በእንዲህ ያለ ቀላል ስሌት መገለጹ ሁሌም ይገርመኛል። ምክንያቱም ብቸኛ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ስታዩአቸው ምንም ሥርዓት ያላቸው አይመስሉም። 89ን ካገኛችሁ በኋላ የሚቀጥለው 97 ነው፣ ከዚያ 101፣ ከዚያ 103። ከ113 በኋላ ደግሞ እስከ 127 ድረስ አንድም የለም። በተናጠል እንዲህ የሚያስቸግሩት ቁጥሮች በጅምላ ሲታዩ ጥርት ያለ መስመር ይይዛሉ።

ይህ ሕግ ተረጋግጧል ወይስ ግምት ነው?

ተረጋግጧል። የብቸኛ ቁጥሮች ቲዎረም ይባላል። ጋውስ ካየው በኋላ ግን ማረጋገጫው መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ሩሲያዊው ቼቢሼቭ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ግማሽ መንገድ ሄደበት። በዚያው ሥራው ከ1 በሚበልጥ በማንኛውም ቁጥርና በእጥፉ መካከል ቢያንስ አንድ ብቸኛ ቁጥር እንደማይጠፋ አሳየ። በ1896 ዣክ አዳማር እና ሻርል ደ ላ ቫሌ ፑሳን፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ በዚያው ዓመት ሙሉ ማረጋገጫ ሰጡ። ሁለቱም የተጠቀሙት በርንሃርድ ሪማን በ1859 ባወጣት አጭር ጽሑፍ ውስጥ የነበረውን መንገድ ነው። በ1949 ደግሞ አትለ ሰልበርግና ፖል ኤርዶሽ ያን ከባድ መሣሪያ ሳይነኩ የሚያረጋግጥ መንገድ አገኙ። «ቀላል ማረጋገጫ» ይባላል እንጂ ለማንበብ ቀላል አይደለም።

ጋውስ ምን ያህል ተጠግቶ ነበር?

በጣም። እስከ 1 ቢሊዮን ያለውን እንውሰድ። በቀጥታ 1 ቢሊዮንን ለሎጋሪዝሙ ብታካፍሉ 48,254,942 ይመጣል። እውነተኛው ቆጠራ 50,847,534 ነው፤ በ5 በመቶ ገደማ ያንሳል። ጋውስ ግን እንዲህ አላደረገም። ዕድሉ በየደረጃው ስለሚለያይ በየደረጃው ያለውን እየደመረ ሄደ። ይህን መንገድ ብትከተሉ የምታገኙት 50,849,235 ነው። ከ50 ሚሊዮን በላይ ቆጠራ ውስጥ የተሳሳተው በ1,701 ብቻ ነው።

የሪማን ግምት የሚባለው ታዲያ ምንድን ነው?

ያ 1,701 ምን ያህል ሊያድግ እንደሚችል የሚናገር ግምት ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ሪማን ዜታ የሚባል አንድ ፈንክሽን (ቁጥር ስታስገቡበት ሌላ ቁጥር የሚመልስ ስሌት) አጠና። ይህ ፈንክሽን ዜሮ የሚሆንባቸው ቦታዎች የብቸኛ ቁጥሮችን አሰፋፈር ይወስናሉ። ዋናዎቹ ዜሮዎች በሙሉ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ናቸው የሚል ግምት አስቀመጠ። እውነት ከሆነ የጋውስ ስሌት ስህተት ከቁጥሩ ስኩዌር ሩት ብዙም አይርቅም። በሌላ አነጋገር፣ ትክክለኛው ቆጠራ 20 አሀዝ ካለው ከፊት ያሉት 10 ያህል አሀዞች ትክክል ይሆናሉ።

ዴቪድ ሂልበርት በ1900 ለመጪው ክፍለ ዘመን ካቀረባቸው ጥያቄዎች ስምንተኛው ውስጥ ገብቷል። በ2000 ደግሞ የክሌይ የሒሳብ ተቋም ለመፍትሔው 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቆመለት። ጎድፍሬ ሃርዲ በ1914 ማለቂያ የሌላቸው ዜሮዎች በዚያ መስመር ላይ እንዳሉ አረጋግጧል። ግን «ብዙዎቹ» እና «ሁሉም» የተለያዩ ናቸው። እስከ ዛሬ አልተፈታም።

በኮምፒውተር ከ10 ትሪሊዮን በላይ ዜሮዎች ታይተው ሁሉም መስመሩ ላይ ከሆኑ፣ ይህ አይበቃም?

አይበቃም። ይህ ጥያቄ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ የቁጥር ትምህርት ከሌላው ሳይንስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ከትንሹ እንጀምር። ክብ ሥሩና ዙሪያው ላይ ነጥቦች አድርጉ፤ ነጥቦቹን ሁሉ እርስ በርስ በመስመር አገናኙ። ሦስት መስመሮች አንድ ቦታ ላይ እንዳይገናኙ ተጠንቀቁ። ክቡ ስንት ቦታ ይከፈላል? በአንድ ነጥብ 1፣ በሁለት 2፣ በሦስት 4፣ በአራት 8፣ በአምስት 16። ማንም ሰው ቀጥሎ 32 ይላል። መልሱ 31 ነው።

አሁን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች። 31 ብቸኛ ነው። 331ም ነው። 3331፣ 33331፣ 333331፣ 3333331፣ 33333331፣ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ሰባት ጊዜ ተከታትሎ ሠራ። ስምንተኛው 333333331 ግን 17×19607843 ነው።

ታላላቆቹም በዚህ ወጥመድ ገብተዋል። ፒየር ደ ፈርማ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 የሚለውን ቅደም ተከተል አይቶ ሁሉም ብቸኛ ይሆናሉ ብሎ አመነ። እያንዳንዱን የምታገኙት ከፊተኛው ላይ 1 ቀንሳችሁ፣ ውጤቱን በራሱ አባዝታችሁ፣ 1 ስትጨምሩ ነው። ቀጣዩ 4294967297 ነው። ኦይለር በ1732 ይህ ቁጥር 641×6700417 መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላም ብዙ ተፈትሸዋል፤ ከአምስቱ ሌላ አንድም ብቸኛ አልተገኘም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን ከራሱ ከጋውስ ስሌት ይመጣል። ከላይ እንዳያችሁት ስሌቱ ከእውነተኛው ቆጠራ ትንሽ በልጦ ነበር። እስከ ሚሊዮን ይበልጣል፣ እስከ ቢሊዮን ይበልጣል፣ እስከ ትሪሊዮንም ይበልጣል። ሰው ቆጥሮ ባየው ቦታ ሁሉ ይበልጣል። ሁሌም ይበልጣል ማለት ነው? ጆን ሊትልውድ በ1914 አይደለም አለ። አንድ ቦታ ላይ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ ከዚያም ያለማቋረጥ ሲገለባበጥ ይኖራል፤ ይህን አረጋገጠ። መገለባበጡ የት እንደሚጀምር ግን አልነገረንም። ዛሬ የምናውቀው 317 አሀዝ ያለው አንድ ቁጥር አካባቢ እንደሚገለበጥ ነው። በዓለም ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ቢተባበር እየቆጠረ እዚያ አይደርስም። መገለባበጡን ማንም አላየውም፤ እርግጠኛ የሆንነው በማረጋገጫ ብቻ ነው።

ስለዚህ 10 ትሪሊዮን ምሳሌ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ማስረጃ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። እኔ የሪማን ግምት እውነት ይመስለኛል። መምሰሉ ግን ምንም አያረጋግጥም።

አንድ የቁጥር ቅደም ተከተል አገኘሁ። አዲስ መሆኑን እንዴት ልወቅ?

ለዚህ የኢንቲጀር ቅደም ተከተሎች የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ አለ። ኒል ስሎን በ1964 ተመራቂ ተማሪ ሳለ ለራሱ ሥራ ሲል ቅደም ተከተሎችን ካርድ ላይ መሰብሰብ ጀመረ። ስብስቡ በኋላ በመጽሐፍ ወጣ፤ በ1996 ኢንተርኔት ላይ ገባ። ዛሬ ከ380,000 በላይ ቅደም ተከተሎች አሉት፤ እያንዳንዱም መለያ ቁጥር አለው። የብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝር ኤ000040 ነው፤ የፊቦናቺ ቁጥሮች ደግሞ ኤ000045።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ቁጥሮቻችሁን በኮማ ለያይታችሁ መፈለጊያው ላይ ትጽፋላችሁ። የምመክራችሁ ነገር ቢኖር፣ ቢያንስ ስድስት ቁጥር አስገቡ። 1፣ 2፣ 3 ብቻ ካስገባችሁ እልፍ ውጤት ይመጣባችኋል። ምንም ካልመጣ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቁጥር ትታችሁ ሞክሩ፤ ሌላው ሰው ቆጠራውን ከሌላ ቦታ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። አሁንም ከሌለ ስሌታችሁን ደግማችሁ ፈትሹ። ያኔም ከሌለ ልታስመዘግቡት ትችላላችሁ። በጎ ፈቃደኛ አርታኢዎች ያዩታል፤ ትርጉሙ ግልጽ እንዲሆንና ሌላውንም ሰው እንዲስብ ይፈልጋሉ። ክቡን የመክፈል ነገር ከላይ ያነሳሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ብላችሁ ብትፈልጉ ብዙ የማይገናኙ ቅደም ተከተሎች አብረው ይመጣሉ።

ብቸኛ ቁጥር የሚያወጣ ፎርሙላ የለም?

የሚሠሩ አሉ፤ ግን ከወንፊቱ የሚፈጥን ነገር አይሰጧችሁም። የሚያስደስቱ ደግሞ አሉ። ከ0 ጀምሮ አንድ ቁጥር ውሰዱ፤ በራሱ አባዙት፣ ራሱን ደምሩበት፣ 41 ጨምሩ። ከ0 የምታገኙት 41 ነው፣ ከ1 43፣ ከ2 47፣ ከ3 53። ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ነው። ከ0 እስከ 39 ያሉት 40 ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ ይሰጣሉ። 40 ላይ 1681 ይመጣል፤ ይህም 41×41 ነው። እንዲህ በማባዛትና በመደመር ብቻ የተሠራ ፎርሙላ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር ካልደገመ በስተቀር፣ ብቸኛ ብቻ ሊያወጣ እንደማይችል ተረጋግጧል።

በ1963 ደግሞ ስታኒስላው ኡላም የሚያሰለች ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ቁጥሮችን ከመሀል እያዞረ ጻፈና ብቸኛዎቹን አከበበ። በሰያፍ የተሰደሩ መስመሮች ብቅ አሉ። መስመሮቹ የዚሁ ዓይነት ፎርሙላዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ፎርሙላ ከሌላው የበለጠ ብቸኛ ቁጥር ይወልዳል። ለምን እንዲህ በዛ ለሚለው ጥሩ ግምት አለ፣ ማረጋገጫ የለም።

በሁለት ብቸኛ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ሊሰፋ ይችላል?

የፈለጋችሁትን ያህል። ከ1 እስከ 6 ያሉትን አባዙ፤ 720 ነው። 722 ለ2 ይካፈላል፣ 723 ለ3፣ 724 ለ4፣ 725 ለ5፣ 726 ለ6። አምስት ተከታታይ ቁጥሮች፣ አንድም ብቸኛ የለም። ከ1 እስከ 101 ብታባዙ መቶ ተከታታይ ታገኛላችሁ። በእርግጥ ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም፤ ከ370,261 ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር 370,373 ነው፣ መካከላቸው 111 ቁጥሮች ባዶ ናቸው።

መንትያ ብቸኛ ቁጥሮችስ?

ልዩነታቸው 2 ብቻ የሆነ ጥንዶች ናቸው፦ 11ና 13፣ 17ና 19፣ 29ና 31፣ 41ና 43። ሲታዩ ማለቂያ ያላቸው አይመስሉም። ማረጋገጫ ግን የለም።

በ2013 ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ዪታንግ ዣንግ የሚባል፣ ዕድሜው ከ50 ያለፈ፣ በዘርፉ እምብዛም ስሙ ያልታወቀ የዩኒቨርሲቲ መምህር አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን የማይበልጥ የብቸኛ ቁጥር ጥንዶች ማለቂያ የላቸውም ይላል። ከ2 አንጻር 70 ሚሊዮን ሩቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን ከዚያ በፊት ምንም ወሰን አልነበረም፤ ክፍተቱ ሁሌም እየሰፋ ላለመሄዱ ማረጋገጫ አልነበረንም። ጄምስ ሜይናርድና ቴሬንስ ታኦ በሌላ መንገድ ገቡበት፣ ሌሎችም ተባበሩ፤ በአንድ ዓመት ገደማ ወሰኑ ወደ 246 ወረደ። አሁንም እዚያው ነው።

መንትዮቹ አንድ ያልታሰበ ሥራም ሠርተዋል። ቪጎ ብሩን በ1919፣ መንትዮቹን ሁሉ ወስደን 1ን ለእያንዳንዳቸው እያካፈልን ብንደምር ድምሩ ከአንድ ወሰን እንደማያልፍ አረጋገጠ፤ 1.902 ገደማ ነው። በ1994 ቶማስ ናይስሊ የሚባል የሒሳብ ፕሮፌሰር ይህን ድምር በኮምፒውተር ሲያሰላ ውጤቱ አልገጥም አለው። ፕሮግራሙን ፈተሸ፣ ማሽኑን ቀየረ። ችግሩ የኢንቴል ፔንቲየም ቺፕ ራሱ ማካፈል ላይ መሳሳቱ ነበር። ኩባንያው ቺፑን ለመተካት 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ለዚህ ነው ስለ ጥቅም ሲጠይቁኝ ይህን ታሪክ የማነሳው፤ ናይስሊ ይፈልግ የነበረው የመንትዮችን ድምር ብቻ ነበር።

እኩል እየዘለሉ የሚሄዱ ብቸኛ ቁጥሮችስ አሉ?

አሉ። 5፣ 11፣ 17፣ 23፣ 29 በ6 ይዘላሉ። ከ199 ተነስታችሁ በ210 ብትዘሉ አሥር ብቸኛ ቁጥሮች በተከታታይ ታገኛላችሁ፤ የመጨረሻው 2089 ነው። ቤን ግሪንና ቴሬንስ ታኦ በ2004 የፈለጋችሁትን ያህል ረጅም እንዲህ ያለ ሰልፍ እንዳለ አረጋገጡ።

የመጨረሻ አሀዛቸው ላይ ሥርዓት አለ?

ከ5 በላይ ያለ ብቸኛ ቁጥር ሁሉ በ1፣ በ3፣ በ7 ወይም በ9 ያልቃል። እስከ 1 ሚሊዮን ብትቆጥሩ በ1 የሚያልቁት 19,617፣ በ3 19,665፣ በ7 19,621፣ በ9 19,593 ናቸው። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በእያንዳንዳቸው የሚያልቁት ማለቂያ እንደሌላቸው ዲሪሽሌ በ1837 አረጋግጧል።

ነገር ግን ተከታታዮቹን ስታዩ ሌላ ነገር ይመጣል። በ2016 ሮበርት ሌምኬ ኦሊቨርና ካናን ሳውንዳራራጃን የመጀመሪያዎቹን መቶ ሚሊዮን ብቸኛ ቁጥሮች አዩ። በ1 ያለቀ ብቸኛ ቁጥር ቀጥሎ ያለውም በ1 የሚያልቀው 25 በመቶ መሆን ሲገባው 18.5 በመቶ ብቻ ነው። አንድ አሀዝ ወዲያው መደገምን ይሸሻል። ወደ ላይ ስትሄዱ ልዩነቱ በዝግታ ይጠባል። ቁጥሮቹ ለሺህ ዓመታት ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ተቀምጠው ነበር፤ በዚህ መንገድ አገላብጦ ያያቸው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

የጎልድባክ ግምት ተፈታ ይባላል፤ እውነት ነው?

አልተፈታም። ክርስቲያን ጎልድባክ በ1742 ለኦይለር ከጻፈው ደብዳቤ የመነጨ ነው፤ ከ2 የሚበልጥ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው ይላል። 28 = 11+17። እስከ 4 ኩዊንቲሊዮን (4 ብላችሁ 18 ዜሮ) ተፈትሾ ሁሉም ሠርቷል። ተፈታ የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ነው፦ ከ5 የሚበልጥ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር የሦስት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው የሚለው። የዚህን ማረጋገጫ ሃራልድ ሄልፍጎት በ2013 አቅርቧል።

እስካሁን የታወቀው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ስንት ነው?

በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው ነው። 2ን 136,279,841 ጊዜ ደርድራችሁ አባዙና 1 ቀንሱ። ቁጥሩ 41,024,320 አሀዝ አለው። ያገኘው ሉክ ዱራንት ነው፤ ከ1996 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን እያዋሱ በሚፈልጉበት ጊምፕስ በተባለው ፕሮጀክት በኩል። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች መርሰን ይባላሉ፤ ይህኛው ከታወቁት 52ኛው ነው። 2ን 11 ጊዜ አባዝቶ 1 መቀነስ ግን 2047 ይሰጣል፣ እሱም 23×89 ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን መፈተሽ ግድ ነው።

በኢንተርኔት ደኅንነት ላይ ይሠራሉ የሚባለው እንዴት ነው?

ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ለኮምፒውተር የቅጽበት ሥራ ነው። ብዜቱን ብቻ ሰጥቶ ሁለቱን አውጣ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን በ1977 በዚህ ላይ አርኤስኤ የሚባለውን የምስጢር አጻጻፍ ሠሩ። በ2020 ተመራማሪዎች ለፈተና የቀረበ ባለ 250 አሀዝ ብዜት በትነዋል፤ አንድ የኮምፒውተር ኮር ብቻውን ቢሠራው 2,700 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነበር። ዛሬ የሚመረጠው ብዜት ከ600 በላይ አሀዝ አለው።

የጋውስ ሕግ እዚህም ሥራ ላይ ነው። ቁልፉ 300 አሀዝ ያላቸው ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ይፈልጋል። ከየት ይመጣሉ? ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር አንስቶ ብቸኛ መሆኑን ይፈትሻል፤ ካልሆነ ሌላ ያነሳል። በዚያ ከፍታ ከ700 ቁጥር አንዱ ብቸኛ ስለሆነ፣ ከኢ-ተጋማሾቹ ብቻ ከ350 አንዱ ነው። ጥቂት መቶ ሙከራ በቂ ነው። ብቸኛ ቁጥሮች ከዚህ በጣም ቢሳሱ ኖሮ ዘዴው አይሠራም ነበር። ፍተሻውም ቁጥሩን መበተን አይጠይቅም። አግራዋል፣ ካያልና ሳክሴና በ2002 ማንኛውንም ቁጥር በእርግጠኝነትና በተመጣጣኝ ጊዜ መፈተሽ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ካያልና ሳክሴና ያኔ ገና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የጨረሱ ወጣቶች ነበሩ።

እኔስ በወረቀትና በእርሳስ ምን ልሞክር?

ይህን ሞክሩ። 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 እያላችሁ ስኩዌር ቁጥሮችን ደርድሩ። በየሁለቱ መካከል ስንት ብቸኛ ቁጥር እንዳለ ቁጠሩ። ከ1 እስከ 4 ሁለት አሉ (2ና 3)። ከ4 እስከ 9 ሁለት (5ና 7)። እንዲህ እያላችሁ እስከ 121 ብትሄዱ 2፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 4፣ 3፣ 4፣ 3፣ 5 ታገኛላችሁ። ከዚያ በራሳችሁ ቀጥሉ። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግን በጥቅሉ ያድጋል። ዜሮ ላይ የሚወድቅበት ቦታ ይኖር ይሆን? ኤድመንድ ላንዳው በ1912 ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ከጠቀሳቸው አራት ያልተፈቱ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። ሌሎቹ የጎልድባክ ግምት፣ መንትዮቹ፣ እና ከአንድ ስኩዌር ቁጥር 1 የሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች (5፣ 17፣ 37፣ 101) ማለቂያ የላቸውም ወይ የሚለው ናቸው። ከአራቱ አንዱም እስከ ዛሬ አልተፈታም።